የማሙሽ ስም አወጣጥ

መቱ መናኸሪያ ውስጥ ወላጆቹ ባወጡለት ስም ብቻ የሚጠራ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ለዚህ ዋናው ተጠያቂ ማሙሽ ነው።

ማሙሽ ተራ አስከባሪ ነው። ወደ ጎሬና ወደ ቡሬ ከሚሄዱት ሚኒባሶች የትኛው ቀድሞ እንደሚጭን፣ የትኛው ኋላ እንደሚሰለፍ የሚወስነው እሱ ነው። ሃምሳውን ካለፈ ቆየት ብሏል፤ ጢሙ ገብስማ ሆኗል፤ እናቱ በሕፃንነቱ ያቆላመጠችበት ስም ግን መታወቂያው ላይ ሳይቀር ጸንቶ ቀርቷል። በሕፃን ስም የሸበተ ሰው ለሌላው ስም ማውጣት ቢያምረው አይፈረድበትም።

እሱ ግን ነገሩ ሥራ ነው ይላል። “‘ዲንቃ’ ብዬ ስጣራ ሦስት ሹፌር ‘አቤት’ ካለኝ መኪናው መች ሊወጣ ነው?” ስለዚህ አንደኛው ዲንቃ ቀንድ አውጣ ነው፤ የጎሬን ዳገት ሲወጣ እግረኛ ይቀድመዋል እየተባለ ይታማል። ሌላው ዲንቃ ጥሩምባ ነው፤ መንገዱ ላይ ዶሮ እንኳ ባይኖር እጁ ከክላክሱ አይነሳም። ሦስተኛው ዲንቃ እንዲሁ ዲንቃ ነው። “እስካሁን ምንም አላገኘሁበትም” ይላል ማሙሽ፣ የልጅ ነገር እንዳሳሰበው አባት ፊቱን ቅጭም አድርጎ።

ስም ሲያወጣ አይቸኩልም። ሰውየውን ሲጭን ያየዋል፣ ሲጣላ ያየዋል፣ ሲበላ ያየዋል። ከዚያ አንድ ቀን ምንም ባልታሰበበት ሰዓት ከአፉ አንዲት ቃል ትወጣለች፤ ቃሏም ሰውየው ላይ እንደ ክረምት ጭቃ ትለጠፋለች። “ስምን መልአክ ያወጣዋል” የሚለውን ተረት የሚጠቅሱበት አሉ። “ልክ ነው” ይላል፤ “መልአኩ ግን መቱ እስኪደርስ ይደክመዋል። የቀረውን የምጨርሰው እኔ ነኝ።”

የወጣው ስም ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ማሙሽ ቄስ ትምህርት ቤት በቆጠረው ፊደል አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ይከትባል። ከእሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ኦሮምኛን የሚጽፈው በቁቤ ነው፤ እሱ ግን የላቲኑን ፊደል ሲያይ ዓይኑ ይደክመዋልና ከሀሁ አልወጣም። መናኸሪያው ውስጥ ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ቁም ነገር ብሎ የያዘው ግን ማንም አልነበረም።

በዚያ ሰሞን የማሙሽ ልብ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር። ልጁ ገሊላ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ቡሬ ከሚያስተምረው ከፋኦል ጋር ከተግባቡ ቆይተዋል። የፋኦል አባት ኦቦ ኪቲላ ሽማግሌ ሊልኩ እሑድን ቆርጠዋል። ማሙሽም ሚስቱ ሻሽቱም ልጁን ይወዱታል። ስለዚህ የቀረው ወጉን መወጣት ብቻ ነው ተብሎ ታምኖ ነበር።

“ማነው” የተባለውን አፕ ማሙሽ ያየው ከአዲስ አበባ በመጣ መንገደኛ ስልክ ላይ ነው። የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል የደዋዩ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ቀኑን ሙሉ “ጋሼ፣ ለቡሬ ቦታ ያዝልኝ”፣ “ጋሼ፣ አንድ ፌስታል መኪና ላይ ረስቻለሁ” የሚሉ የማያውቃቸው ሰዎች ለሚደውሉለት ተራ አስከባሪ ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል?

“ስንት ነው?” ብሎ ጠየቀ።

“ነፃ ነው።”

መናኸሪያ ያረጀ ሰው ነፃ ሲባል ኪሱን ይዳስሳል። ማሙሽም ዳሰሰ፤ የጎደለ ነገር አላገኘም። እዚያው ቆሞ ጫነው። አንዱ ገጽ ላይ አፑ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ጠየቀው። ሁለት ቁልፍ ነበር፤ አንዱ ፈዘዝ ያለ፣ አንዱ ሰማያዊና ደማቅ። ደማቁን ነካ። ጥያቄው “ስልክህ ውስጥ ያሉትን ስሞችና ቁጥሮች ሁሉ ልውሰድ?” የሚል እንደነበረ የገባው ኋላ ሰው ሲነግረው ነው። የመንገደኛን ሻንጣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከመኪና ጣሪያ አውርዶ የማያውቅ ሰው፣ የከተማውን ስም በአንዲት ጣት አስረከበ።

ሳምንት ሳይሞላ መናኸሪያው በሙሉ “ማነው”ን ጫነ። ያስጫናቸውም ማሙሽ ራሱ ነው።

የመጀመሪያው ነገር የመጣው ከዲንቃ ቀንድ አውጣ ነው። አንድ ጠዋት መኪናውን ተራ ሳያስይዝ ቀጥ ብሎ መጣ።

“ማሙሽ፣ ጎሬ ያለው ጋራዥ ስደውልለት ‘አቤት ቀንድ አውጣ’ አለኝ።”

“እና? አይደለህም?”

“ነኝ። ግን ለመቱ ነው እንጂ ለጎሬ አልነበረም።”

የሰሙት ሹፌሮች ሁሉ ሳቁ፤ ዲንቃም ሳቀ፤ ማሙሽም ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ስልኩን አወጣና አንዱ ለሌላው እየደወለ በምን ስም እንደሚወጣ ማየት ጀመረ። ዳቦ የምትሸጠው ዲሪቤ በጓደኛዋ ስልክ ላይ “ዲሪቤ መርፌ” ተብላ ወጣች። “ለምን መርፌ?” አለች፤ ማንም መልስ አልሰጣትም፤ ማሙሽን ግን ለአንድ ሰዓት ያህል ስትወጋው ቆየች፤ መልሱም ያው ነበር።

ማታ ገሊላ ከሥራ ስትመለስ አልሳቀችም። ጃንጥላዋን በር ላይ አስደግፋ ስልኳን አባቷ ፊት ዘረጋች።

“አባዬ፣ ዛሬ የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። እየው።”

ስክሪኑ ላይ “ኪቲላ ቦሩ ኮቱ” ይላል።

ቦሩ ኮቱ በኦሮምኛ “ነገ ና” ማለት ነው። ኦቦ ኪቲላ ጡረታ ሳይወጡ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ይሠሩ ነበር። ማሙሽ ዝናብ የጣለበትን አጥር ለማደስ ፈቃድ ሊያወጣ በሄደ ቁጥር ኦቦ ኪቲላ ፈገግ ብለው “ቦሩ ኮቱ” ይሉታል። ነገ ሲሄድ ነገ ይሆናል። አጥሩ ሳይታደስ ላሞች የጓሮውን ጎመን ጨረሱት፤ ማሙሽም ስሙን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዝናብ ዘንቧል፤ ኦቦ ኪቲላ ጡረታ ወጥተው የማር ነጋዴ ሆነዋል፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ኮፍያ አንስተው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ስልኩ ውስጥ ያለው ስም ግን ጡረታ አልወጣም።

“ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል የጻፈው” አለ ማሙሽ።

“ኦሮምኛው በሀሁ ነው የተጻፈው። መቱ ውስጥ ኦሮምኛን በሀሁ የሚጽፍ ማን አለ?”

ማሙሽ አሰበ። “ጋሼ ዲበኩሉ።”

“ጋሼ ዲበኩሉ እኮ የያዙት ቁልፍ ያለው ስልክ ነው። ከሬዲዮ ሌላ ምንም የለውም።”

ሻሽቱ ከጓዳ ብቅ አለች። “ጋሼ ዲበኩሉ እሑድ ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አይደሉም እንዴ?”

“ናቸው” አለች ገሊላ።

ማሙሽ እራቱን ሳይጨርስ ስልኩን ከፍቶ ስሙን ሰረዘና “አቶ ኪቲላ” ብሎ ጻፈ። ከዚያ በሻሽቱ ስልክ አየው። ቦሩ ኮቱ እንዳለ ነው። ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ቦሩ ኮቱ።

በማግስቱ ስልክ ጠጋኙ ኦሊ ሱቅ ሄደ። ኦሊ የአንድ ስልክ ሆድ ዕቃ ዘርግቶ ተቀምጧል።

“አንድ ስም አውጣልኝ” አለው ማሙሽ።

“ከየት?”

“ከአፑ።”

“ስልክህ ውስጥ እኮ የለም። ሄዷል።”

“ወዴት?”

ኦሊ በያዘው መፍቻ ወደ ጣሪያው ጠቆመ፤ ቆርቆሮውን ማለቱ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። “ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ይሄ አፋፉንም አልፎ ሄዷል። እሺ ብለህ ነዋ የሰጠኸው።” ያኔ ነው ደማቁ ቁልፍ ምን እንደነበረ ያስረዳው።

“እኔ የሰጠሁት ነገር የለም። አልከፈልኩም።”

“ከፍለሃል። ግን ከራስህ አልከፈልክም።” ኦሊ ጥቂት አስቦ ደግሞ አንድ ተስፋ ጣለለት። ብዙ ሰው ኦቦ ኪቲላን በሌላ ስም ቢይዛቸው አፑ ወደዚያ ሊዞር ይችላል።

ተስፋው ባይጣልለት ይሻል ነበር። ማሙሽ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መናኸሪያውን ይዞር ጀመር። “ይህን ቁጥር ያዝ። አቶ ኪቲላ ብለህ ጻፍ።”

“ለምን?”

“ያዝ ብቻ።”

“ማናቸው?”

“የማር ነጋዴ ናቸው።”

“አሁን ስማቸው ምንድን ነው የሚለው?” ይልና ሰውየው ቁጥሩን “ማነው” ላይ ያስገባል። ከዚያ ሳቁ ይመጣል። ከሳቁ በኋላ ደግሞ ሰውየው ለጓደኛው ይደውላል። ሦስት ቀን ሳይሞላ ኦቦ ኪቲላን በመልክ የማያውቅ ሁሉ በስም አወቃቸው። ዲሪቤ ዳቦዋን ሸፍና፣ “ቦሩ ኮቱ የሚባሉት የትኛው ናቸው? ቆዳ ኮፍያ ያላቸው?” ብላ ስትጠይቀው ማሙሽ ወደ ቡሬ ተራ ሄደ።

“እሳት በገለባ ታጠፋለህ” አለችው ሻሽቱ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሼ ዲበኩሉ ከፊት፣ ሁለት ሰዎች ከኋላ። ጋሼ ዲበኩሉ አያታቸው ከሰሜን መጥተው ጎሬ የሰፈሩ፣ እሳቸው ግን ኦሮምኛውን ከአማርኛው እኩል የሚያስኬዱ፣ ለከተማው ዕርቅ ሁሉ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥምና ሦስቱም ቆሙ።

“ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል” አሉ ጋሼ ዲበኩሉ።

የዚህ መልስ የታወቀ ነው። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። እሺ ካለ ልጁን ያረከሳል፤ ለመዳር የቸኮለ፣ ሸክም የከበደው ያስመስላል። ደስ እያለውም ቢሆን “ዘመድ አዝማድ ላማክር፤ ሳምንት ተመለሱ” ብሎ ይሸኛል። መቱ ውስጥ ልጅ የዳረ ሁሉ ይህን ብሏል። ማሙሽም ለዚህ ቀን ቃሉን አጥንቶ ነበር።

አፉን ከፈተ። “እንግዲህ…” አለ። ቀጥሎ የሚመጣው “ተመለሱ” ነው። ቃሉን ምላሱ ጫፍ ላይ ሲያደርሰው ምን እንደሆነ ታየው። ለኦቦ ኪቲላ ሽማግሌዎች ሌላ ቀን ኑ ሊላቸው ነው። ቦሩ ኮቱ። ይህን ካለ ስድብ ነው፤ ካላለ ልጁን በመጀመሪያ ቀን አስረክቦ ማዋረድ ነው።

“እንግዲህ… ልጅቷ የእናቷም ልጅ ናት” አለ።

“እውነት ነው” አሉ ጋሼ ዲበኩሉ።

“አጎቶችም አሏት።”

“ይኑሩላት።”

“ስለዚህ ቀኑ… እንዲያው ቀን ቢሆን…”

“መቼ?” አሉ ከኋላ ካሉት አንዱ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ “ቦሩ?” አሉ።

ሻሽቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሼ ዲበኩሉ ከኋላቸው ያለውን ሰው በዓይን ገሠጹና ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ።

“ማሙሽ፣ ሁለት ነገር ይዘን ነው የመጣነው። አንዱን ሰምተሃል። ሁለተኛው እንዲህ ነው። ኪቲላ ጅማ ላለ ደንበኛ ማር ሊሸጥ ደወለ። ደንበኛው የነቀምት ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ ያውቃል። ስልኩን ሲያነሳ ምን አለ መሰለህ? ‘ማሩም ነገ ነው የሚመጣው?’ አለው። ስቆ ዘጋው፤ ማሩንም ከሌላ ሰው ወሰደ። ኪቲላ ከዚህ ቤት ልጅህን ይፈልጋል። ከልጅህ በፊት ግን ስሙን ይፈልጋል።”

“ጋሼ፣ እኔ ለማንም አልነገርኩም። በራሴ ስልክ፣ ለራሴ ነው የጻፍኩት።”

“ታዲያ ጅማ ማን አደረሰው?”

“አፑ ነው። በነፃ ሲሰጡኝ…”

“ነፃ መቼ ሆነ? ከጓሮህ በቆሎ ቆርጠህ ብትሸጥ ማንም አይናገርህም ነበር። የቆረጥከው ከእኛ ጓሮ ነው።”

ጋሼ ዲበኩሉ ከዘራቸውን አነሡ። “ይህን ከኪቲላ ጋር ጨርስ። ያኔ የልጆቹን ነገር እንሰማለን” ብለው ወጡ። እሺም እንቢም አልተባለም። ተመለሱም አልተባለም።

ገሊላ ከጓዳ ወጣች። አላለቀሰችም፤ የመድኃኒት ቤት ሰው ናትና መጠኑን ታውቃለች። “አባዬ፣ ለሰው ሁሉ ስም ስታወጣ ስቄልሃለሁ” አለችው። “‘ገሊላ ቆማ ቀር’ የሚባል እንዳይጨመርበት ብቻ።”

ሁለት አባቶች ዕርቅና ሽምግልና ሳያልቅ ፊት ለፊት መገናኘታቸው ወግ አይደለም። ቢሆንም ማሙሽ ማክሰኞ ተራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ዝናቡን እየተጠለለ ኦቦ ኪቲላ መጋዘን ሄደ። ኦቦ ኪቲላ ማር በወንፊት እያጠለሉ ወደ ጀሪካን ይገለብጣሉ። እጃቸው በማር ስለተለወሰ ለሰላምታ ክንዳቸውን ዘረጉ። ማሙሽ ክንዳቸውን ጨብጦ ቆመ፤ በማሩ ምክንያት ይሁን በቂም እጃቸውን እንደነፈጉት ለማወቅ ቸገረው።

“ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።”

“ቁጭ በል።”

ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ኦሊ ሰኞ ያሳየውን የአፑን ገጽ ከፍቶ ስልኩን ሰጣቸው። “ስሜ ይውጣልኝ” የሚል ሰው ራሱ የሚሞላው ቅጽ ነው። ኦቦ ኪቲላ እጃቸውን ታጥበው መነጽራቸውን አደረጉ። የቢሮ ሰው ስለነበሩ እንግሊዝኛውን ያነባሉ።

“መጀመሪያ ሙሉ ስሜን ይፈልጋል” አሉ።

“እሺ።”

“ስሜን ለማስወጣት ስሜን ልስጠው?”

“እንደዚያ ይላል ኦሊ።”

“ቁጥሬን። የትውልድ ዘመኔን። የመታወቂያዬን ፎቶ፣ ፊቱንም ጀርባውንም።” ኦቦ ኪቲላ ከመነጽሩ በላይ አዩት። “አንተ አጥር ስታጥር እንኳ ይህን ሁሉ አልጠየቅንህም።”

“እንኳን አልጠየቃችሁኝ።”

ኦቦ ኪቲላ ገጹን ዝቅ ሲያደርጉት ከስማቸው ሥር ሌሎች ስሞች ተደርድረው አዩ። እነዚህ በቁቤ ናቸው። “ኪቲላ ቦሩ” ይላል አንዱ፤ “ኦቦ ቦሩ” ይላል ሌላው። የማሙሽ እጅ የለባቸውም፤ እሱ በቁቤ እንደማይጽፍ ኦቦ ኪቲላም ያውቃሉ። በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

“ይህን ሁሉ ሰው ነው ያመላለስኩት?” አሉ።

ማሙሽ ስልኩን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ አልሰጡትም።

“ፊርማው የእኔ አልነበረም” አሉ ኦቦ ኪቲላ። “ኃላፊዬ አይገቡም ነበር። ‘አልገቡም’ እንዳልል ደግሞ ታዝዣለሁ። አይኖሩም እያልኩ ኃላፊዬን ላሳጣቸው? ‘ነገ ና’ እላለሁ፤ ነገ ሊገቡ ይችላሉ ብዬ። አንተ ደግሞ በየቀኑ ትመጣለህ።”

“ላሞቹ ጎመኑን እየበሉ ነበራ።”

“አውቃለሁ። ነግረኸኝ ነበር። በየቀኑ ትነግረኝ ነበር።”

ሁለቱም ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ኦቦ ኪቲላ ስማቸውንና ቁጥራቸውን ሞሉ፤ መታወቂያቸውን ግን “ለማላውቀው ሰው አላሳይም” ብለው ዘለሉት። ከዚያ የመጨረሻውን ቁልፍ ነኩ። ስልኩ ጥቂት ሲያስብ ቆየና አንድ መልእክት አወጣ። ኦቦ ኪቲላ አነበቡት። መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና አነበቡት።

“ምን ይላል?” አለ ማሙሽ።

“‘አሁን ማስተናገድ አልቻልንም። ነገ ይሞክሩ’ ይላል።”

ኦቦ ኪቲላ ስልኩን መለሱለት።

“ቃል በቃል የእኔ ነው” አሉ። “ብቻ እኔ ፈገግ እል ነበር።”

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተጨረሰው። ኦቦ ኪቲላ ወንፊታቸውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ የሚናገሩትም ለማሩ ይመስል ነበር። “እሱን ተወው። ከማላውቀው ሰው ጋር ዕርቅ የለኝም፤ ዕርቄ ካንተ ጋር ነው። አፑን አጥፋው። ቀጥሎ፣ ስልክህ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ደውል። በምን ስም እንደያዝከው ንገረው፤ ለማን እንደሰጠኸው ንገረው። ከወደደው ይቆይ፤ ከጠላው እሱ የሚልህን ጻፍ።”

“ለሁሉም?”

“ለሁሉም። እኔ ሰልፍ አውቃለሁ። አንድ በአንድ ከሆነ ያልቃል።”

“እርስዎስ?”

“እኔን መጨረሻ ላይ አድርገኝ።”

በዚያ ሳምንት ማሙሽ መኪና ባላስጫነበት ሰዓት ሁሉ ሲደውል ዋለ። ዲንቃ ቀንድ አውጣ፣ “ይቆይ፤ ስሜን ብትቀይረው የምትደውልልኝ አይመስለኝም” አለ። ዲንቃ ጥሩምባ ይቀየር አለና በምን ይሁን ሲባል ምንም ስላልመጣለት ይቆይ አለ። ዲሪቤ መርፌ ስልክ አላነሳችም፤ መናኸሪያው መሐል መጥታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ዲሪቤ ዳቦ በለኝ፤ ሥራዬን ቢያስተዋውቅልኝ ምናለ?” አለችው። ከሁሉ የተቀየመው ሦስተኛው ዲንቃ ነው።

“ዲንቃ ብቻ?” አለ። “ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ሠርተን፣ ምንም?”

“ምንም አላገኘሁብህም።”

“ሳታየኝ ቀርተህ ነው።”

አንዳንዱ ግን አልሳቀም። ዳሪሙ የሚኖር አንድ የቡና ገበሬ ማሙሽ የጻፈበትን ቃል ሰምቶ፣ “እንደዚህ ነው የምታየኝ ማለት ነው?” ብሎ በእርጋታ ጠየቀው። ማሙሽ ያን ቀን ከዚያ ወዲያ ለማንም አልደወለም። ቃሉንም ለሻሽቱ እንኳ አልነገራትም።

እቤት ሲገባ ሻሽቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። “እኔን በምን ነው የያዝከኝ?”

“‘ዋና መሥሪያ ቤት’።”

አሰበችበት። “ይቆይ” አለች።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የቀረው አንድ ቁጥር ነበር። ማሙሽ በረንዳው ላይ ቆሞ ደወለ።

“ኦቦ ኪቲላ፣ ሁሉንም ጨርሻለሁ። በምን ልያዝዎ?”

“በኪቲላ።”

“ኪቲላ ብቻ?”

“ብቻ። አንተ ጋ እንኳ ብቻውን ይቁም።”

ማሙሽ ጻፈው። ከዚያ የቆየበትን ጭንቀት አወጣው። “ነገ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ወጉ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ሻሽቱም በመጀመሪያ ቃል ልጄን አላስወስድም ብላለች። ልመልሳቸው ነው። በምን አፌ ልበለው?”

ማሙሽ መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን አየ።

“በአማርኛ በለው” አሉ ኦቦ ኪቲላ።

እሑድ ጋሼ ዲበኩሉና ሁለቱ ሰዎች እንደገና ቆሙ። “ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል” ተባለ፤ የባለፈው ሳምንት እንዳልነበረ ተደርጎ ከመጀመሪያው ተጀመረ። ማሙሽ ጋቢውን አስተካከለ። ድምፁ ጠርቶ ወጣ።

“ዘመድ አዝማድ ላማክር። ሳምንት ተመለሱ።”

ከኋላ የቆሙት ሰው አንዴ ሳል አሉ። ጋሼ ዲበኩሉ ፊታቸው አልተፈታም። “እንመለሳለን” ብለው ጎንበስ አሉና ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወጡ፤ ሦስቱም አጥሩን እስኪያልፉ ሳቃቸውን ይዘውት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ላይ ተሰማ።

ገሊላ ጓዳ ውስጥ ሆና ለፋኦል ደወለች።

“አባዬ መለሳቸው” አለችው።

“እውነትሽን ነው?”

“ሳምንት ኑ አላቸው።”

“እንኳን ደስ አለሽ” አላት ፋኦል።